«ቶል ነበር» ማለት ይፈቀዳል?

ጀርመንኛ የጀመረ ሰው ስላለፈ ነገር ቶሎ የሚለምዳት አባባል «ኤስ ቫር ቶል» ናት፤ «ግሩም ነበር» እንደማለት። «ቶል» ጥንት እብድ ማለት ነበር። እኛስ ዛሬ «ያበደ በዓል ነበር» እንል የለ?

ለመሆኑ ስለ 2012ቱ የጎንደር ጥምቀት ምን እንበል? በከተራው ዕለት የሰፈር ልጆች ሆነን ታቦታቱን በሆታ አጅበን ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ወረድን። በማግስቱ ጥር 11 ቀን እዚያው የእንጨት ርብራቡ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። «ግሩም ነበር» ብል በሐዘንተኛ ፊት መሳቅ ነው። «ደስታ አላየሁም» ብልም ዋሸሁ።

መውጫውን ያገኘሁት በገዛ ቋንቋዬ ነው። «ግሩም ነበር» በቀኑ ላይ ይፈርዳል፤ ቀኑ ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም። «ደስ ብሎኝ ነበር» ግን ስለ ራሴ ብቻ ይመሰክራል። ድንበሩን የምታበጀው ያቺ ትንሿ «ኝ» ናት። ጀርመኖቹም አላጧትም፤ «ኤስ ሃት ሚር ገፋለን» ሲሉ «ሚር» ያችው የኛዋ «ኝ» ነች።

እንግዲህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ደስታችንን አንደብቅ። ግን የራሳችንን ደስታ የሁሉም አናድርገው፤ በዚያው ቀን ሌላው ቀብር ወጥቶ ይሆናል።