የመሸበት እንግዳ፣ የነጋለት ባለጌ

ዱሮ መንገደኛ ሲመሽበት ጭስ ወዳየበት ጎጆ አቅንቶ ከደጃፉ ይቆምና «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥም «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» ይሉታል። እግሩን አጥበው፣ ካለቻቸው አካፍለው፣ መደቡን ለቀው ያስተኙታል። እሱም ሲነጋ ቤቱን መርቆ፣ ከብቱን መርቆ፣ በትሩን አንሥቶ ይሄዳል። ለማደሪያው ብር አልከፈለም። ደጅ ቆሞ ማስፈቀዱና ሲወጣ መመረቁ ግን አልቀረም።

እኛ ዛሬ ማደሪያችንን በመኪና ጭነን እንዞራለን። ጣሪያው ላይ ድንኳን፣ ከኋላ የጋዝ ምድጃ፤ ጥቂቶቻችንም አልጋና ወጥ ቤት የተገጠመለት ቤት አከል መኪና ይዘናል። የማንንም ደጅ ስለማናንኳኳ የማንም እንግዳ ያልሆንን መስሎናል። ተግሣጼ ለዚህ «መስሎናል» ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ባኮ ይደርሳል። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ቤተሰቡን ጭኖ የሚወጣ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ባኮ አጠገብ ድንኳን የሚተከልበት ጥሩ ሜዳ የት አለ?» ሜዳው የማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ግን አልሰማሁም። ሰሜን ተራሮች የሄደ ሰው ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ የሚባሉ ለድንኳን የተለዩ ቦታዎችን ያገኛል። ባኮ ደጅ የሚጠብቃችሁ ግን የገበሬ ማሳና የገበሬ ግጦሽ ነው። ለናንተ ባዶ ሜዳ የሆነው ለባለቤቱ የጥጃው ምሳ፣ የክረምቱ ድርቆሽ፣ የጎጆው ክዳን ነው።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ላስቀድም። አንድ መስከረም እኛም በሁለት መኪና ሄደን ከባኮ ወጣ ብሎ ግቤ ዳር ሰፈርን። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው መጡ። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ከመካከላችን አንዱ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ ብር ዘረጋላቸው። አልተቀበሉም። በኦሮምኛ ረጋ ብለው ተናገሩ። ቋንቋውን የሚያውቀው ጓደኛችን አንገቱን ደፍቶ ተረጎመልን፤ «ኬሱማ ናችሁ፤ እንግዶች። ላይ አገር ዝናብ ከጣለ ወንዙ በሌሊት ይሞላል። ሕፃናት ይዛችኋልና ወደ ደጄ ወጣ በሉ» ነው ያሉት። ሊለምኑ የመጡ የመሰሉን ሰው የመጡት ልጆቻችንን ሊያድኑ ነበር።

ወጣን፤ ከደጃቸው ተከልን። ማታ ከቤታቸው የተጠበሰ እሸት በቆሎ በሰፌድ ተላከልን። ጠዋት እኛ ምን አደረግን? መንገድ እንዳይረፍድብን ብለን ሳንሰናበታቸው ተነሣን። በሰፈርንበት ሣር ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የሕፃን ዳይፐርና የተሰበረ የቢራ ጠርሙስ ተውንላቸው። መሽቶብን እንግዶች ሆነን ገባን፤ ነግቶልን ባለጌዎች ሆነን ወጣን።

ባለጌ የሚለው ቃል ከበዳችሁ? እንግዲያው ጥላችሁት የምትሄዱት ነገር ምን እንደሚሠራ ስሙ። የምግብ ጠረን ያለበትን ፌስታል ላም ትውጠዋለች። ጨጓራዋ አይፈጨውም፣ አያሳልፈውም፤ እዚያው ተጠቅልሎ ይቋጠራል። ላሟ መኖ እያላት ትከሳለች፣ ወተቷ ይነጥፋል፣ በመጨረሻም ትሞታለች። ባለቤቷ ምን እንደገደላት የሚያውቀው ሆዷ ሲከፈት ነው። የጠርሙሱ ስባሪ ደግሞ በባዶ እግሩ የሚሄደውን እረኛ ሣር ውስጥ ተደብቆ ይጠብቀዋል። ለእሳት ብላችሁ የቆረጣችሁት እርጥብ ቅርንጫፍም ያ ልጅ ከቀትር ፀሐይ የሚሸሽበት ጥላ ነበር።

የባኮን ገበሬ ባትወዱት እንኳ ልታፍሩት ይገባ ነበር። የበቆሎ ምርምራችን ስሙ የተነሣው ከባኮ ነው። ቢኤች 660፣ ቢኤች 540 እየተባሉ በየአገሩ የተዘሩት ድቅል ዘሮች መጠሪያቸውን ያገኙት ከዚህች ከተማ ነው፤ «ቢኤች» ማለት ባኮ ሃይብሪድ ማለት ነውና። እናንተ ግን መኪና አቁማችሁ ከማሳው ዳር እሸቱን ሳትጠይቁ ትቀጥፋላችሁ፤ ፉሬውን ከፌስታሉ ጋር ለባለማሳው ትጥሉለታላችሁ። ገበሬው «ባጎረስኩ ተነከስኩ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ነገሩ ከአንድ ማሳም ያልፋል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ሳያውቀው ሁለት ተፋሰስ ይሻገራል። አምቦን የሚያቋርጠው ሁሉቃና የጉደር ወንዝ የሚወርዱት ወደ ዓባይ ነው። የጌዶን ከፍታ አልፋችሁ ባኮ ስትደርሱ ደግሞ ውኃው ፊቱን ያዞራል፤ ግቤ ወደ ደቡብ ወርዶ ኦሞ ይሆንና ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቀትር ላይ ጉደር ፏፏቴ ሥር ምሳ በልታችሁ የጣላችሁት ጠርሙስ ጎርፍ ካገኘው የሕዳሴውን ግድብ አቅጣጫ ይይዛል፤ ማታ ባኮ የጣላችሁት ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው ወደ ግቤ 3 ግድብ። ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ የገዛችሁበትን ወረቀት በሣጥን ቆልፋችሁ፣ ግድቡን በላስቲክ ለመሙላት ከአገር ጫፍ ትነዳላችሁ?

ምክንያታችሁን አውቀዋለሁ። «የቆሻሻ መጣያ የለማ!» ትላላችሁ። ሞልቶ የመጣ ጠርሙስ በመኪናው ውስጥ ቦታ ካገኘ፣ ባዶው እንዴት ቦታ ያጣል? «የሚከለክል ሕግ የለም» እንዳትሉ፣ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው ገና በ1999 ዓ.ም. ነበር፤ ስሱን ፌስታልም ያኔውኑ ከልክሎ ነበር። «መንግሥት የድንኳን ቦታ ማዘጋጀት ነበረበት» የምትሉም አላችሁ። መዘጋጀቱ መልካም ነው፤ ባኮም ብትጠቀምበት እወዳለሁ። ነገር ግን ከአምቦ በስተደቡብ ያለችውን ወንጪን ተመልከቱ። የሐይቁ ዙሪያ ገበሬዎች ራሳቸው ተደራጅተው ፈረስና ጀልባ በተራ እያቀረቡ፣ እንግዳውን በሥርዓት ሲቀበሉ ኖረዋል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መረጣት። ባላገሩ እንግዳ መቀበል ከአባቶቹ ወርሷል። እንግዳ መሆን የጠፋን እኛ ነን።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ልጆች ናቸው። ተፈጥሮን ይወቁ ብላችሁ ከከተማ አወጣችኋቸው። እነሱ ግን የሚያዩት እጃችሁን ነው። አባት በመስኮት ሲወረውር ያየ ልጅ፣ ከከተማ ውጭ ያለ አገር ሁሉ መጣያ እንደሆነ ተምሮ ይመለሳል። ሽማግሌ ሰላም ሲሉት ብር የሚዘረጋ አባት ያየ ልጅም፣ የገጠር ሰው ሁሉ ለማኝ እንደሆነ ተምሮ ይመለሳል። ይህን ትምህርት ኋላ በምን ታጥቡታላችሁ?

እንግዲህ ባኮም ሂዱ፣ ሌላም ሂዱ። ጀምበር ሳትጠልቅ ድረሱ፤ ሜዳው ባማራችሁ ጊዜ ድንኳኑን ከማውረዳችሁ በፊት በቅርብ ወዳለው ጎጆ በእግራችሁ ሂዱ። አገሩ ሰላም መሆኑን፣ ወንዙ የት ድረስ እንደሚሞላ፣ ከብቱ በየት እንደሚወርድ እዚያ ይነግሯችኋል። ለግጦሹ ካሣ ይገባል ካሏችሁ ሳትከራከሩ ክፈሉ። እሳታችሁን በውኃ አጥፉ፣ የጣላችሁትን ለቅማችሁ ጫኑ፣ ሳትሰናበቱና ሳትመርቁ አትነሡ።

ከደጃፉ ስትደርሱም «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» በሉ። ይህን ለማለት የሚያፍር ሰው ካለ፣ ድንኳኑን ጠቅልሎ ከቤቱ ይዋል።