ሰጪ እጁን ሲሰበስብ

ሰጪ የሚሰጠው ከገዛ ኪሱ ነውና ባሻው ጊዜ እጁን ቢሰበስብ ማን ይወቅሰዋል? ነገሩ የሁለት ጎረቤታሞች ጉዳይ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። ሰጪው ሀብታም መንግሥት፣ ተቀባዩ ደግሞ ቀለቡን ከዚያ የሚጠብቅ ሕዝብ ሲሆን ግን ጥያቄው ይከብዳል።

የሀብታም መንግሥት እጅ ወደ ሸዋ የተዘረጋው ዛሬ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓደንን ከያዘች በኋላ በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ መልእክተኛ ወደ አንኮበር ላከች። ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃና መድፍ ጭምር ተበረከተ፤ በዚያው ዓመት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ፈረንሳይም በሮሼ ዴሪኩር በኩል በ1843 የራሷን ውል አስፈረመች። ስጦታው የመጣው የአንኮበር ገበሬ ስለተራበ አልነበረም፤ ገበያውና መንገዱ ስለተፈለገ ነው። መዋዋል ነውር አይደለም። ነውሩ ውልን ምጽዋት ብሎ መጥራት ነው።

በዘመናችንም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ከ2022 መባቻ ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ጦርነት የሚያዘው ሌላ፣ በስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ እንጀራዋን የምታበስለው ልጅ ሌላ ናት። በ2023 አጋማሽ ደግሞ የእርዳታ እህል ተሰርቋል ተብሎ ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ማከፋፈሉን ለወራት አቆሙ። እገዳው አገር አቀፍ ነበርና ከወለጋ ተፈናቅሎ በደብረ ብርሃን የተጠለለውም አልቀረለትም። በ2025 በዋሽንግተን መንግሥት ሲለወጥ የውጭ እርዳታው በአንድ ትእዛዝ ታገደ፤ ከ1961 ጀምሮ የኖረው ዩኤስኤይድም በዚያው ዓመት አጋማሽ ሥራው አበቃ።

«ገንዘቡ የእነርሱ ነው፤ ሌባ ያየ ሰው ጎተራውን ቢዘጋ ምን ያስደንቃል?» የሚሉ አሉ። ሌባው መቀጣት አለበት፤ በዚህ አንከራከርም። ስለ ጎተራው ግን ሙስሊም ከጥንት የተሰጠው መልስ አለ።

ሚስጠህ ኢብን ኡሣሣ የአቡበክር (ረ.ዐ) ድሃ ዘመድ ነበር፤ የሚረዱትም እርሳቸው ነበሩ። በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ በተነዛው ቅጥፈት ተካፋይ በሆነ ጊዜ አቡበክር ከእንግዲህ ምንም እንደማይሰጡት ማሉ። ለአባት ከዚህ የባሰ በደል ምን አለ? ያም ሆኖ የሱረቱ ኑር 22ኛ አንቀጽ ወረደ፤ ባለጸጎች ለዘመድ፣ ለድሃና ለስደተኛ መስጠትን በመሐላ እንዳይተዉ፣ ይልቁንም ይቅር እንዲሉ አዘዘ። አቡበክርም እርዳታውን መለሱለት። በሐዲስ እንደተዘገበው ሚስጠህ ለጥፋቱ ተቀጥቷል፤ ቀለቡ ግን ቅጣት አልሆነበትም። ልብ እንበል፤ እርሱ ራሱ ጥፋተኛ ነበር። በደብረ ብርሃን መጠለያ ያለው ሕፃንስ ምን አጠፋ?

ይህን ሚዛን ለዋሽንግተን ብቻ ማንሳት ግን አይበቃም። የእኛም ባለጸጋ በወገንና በቂም እየመረጠ የሚሰጥ ከሆነ ከኃያላኑ በምን ተለየ? ዘካ የባለጸጋው ችሮታ ሳይሆን የድሃው ሐቅ ነው። ስለዚህም ሰጪው ሲቆጣ አይቀንስም፤ ሲደሰትም አይጨምርም። የሩቁ መንግሥት ፖሊሲውን በለወጠ ቁጥር ጦሙን የሚያድር ጎረቤት ካለን፣ ለዚያ ጎረቤት የምንጠየቀው አስቀድመን እኛ ነን።

ወላሁ አዕለም።