ስለ ሊሊ አበባና ስለ መቍረጥ መጠን

ሰው ከምድር በረከት ቈርጦ ይጠቀም ዘንድ የተፈቀደለት ነው። ነገር ግን ምን ያህል ይቍረጥ? ይህ ጥያቄ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ስለ አገርና ስለ ባልንጀራ የሚጠይቅ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ፀሓይ በሚያገኝ መደብ ላይ ሊሊ የሚባለውን አበባ ሊተክል የሚወድ ሰው፥ አስቀድሞ ይህን ነገር ቢያስብ መልካም ነው።

በመጀመሪያ ምርጫው በስም ብቻ እንዳይሆን ይጠንቀቅ። በአዲስ አበባ የአትክልት ቦታዎች የሚታየውን ነጩን ካላ ሊሊ፥ የዕፀዋት ሊቃውንት በላቲን «ኤቲዮፒካ» ብለው ሰይመውታል። ስሙን የሰማ ሁሉ የአገራችን ተወላጅ ይመስለዋል፤ ትውልዱ ግን ከደቡብ አፍሪካ ነው። የጥንት ሰዎች ከግብጽ ወዲያ ያለውን የአፍሪካን ምድር በጠቅላላው ኢትዮጵያ ይሉት ስለ ነበረ ስሙ ከዚያ ቀረ። ከእውነተኛው ሊሊ ወገንም አይደለም፤ ርጥበት ወዳድ ስለ ሆነ ፀሓይ የሚያደርቀው መደብ አይስማማውም። እውነተኛው ሊሊ የአውሮፓ፥ የእስያና የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው። እንግዳ ነውና ጠባዩን ዐውቆ መቀበል ያስፈልጋል።

ጠባዩም ይህ ነው። ራሱ በፀሓይ፥ እግሩ በጥላ ሲሆን ደስ ይለዋል፤ ስለዚህ አፈሩን በጕዝጓዝ ወይም በአጫጭር ተክል መሸፈን ይገባል። ሽንኩርት የሚመስለው ሥሩ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። የእንጦጦም ክረምት ብርቱ ስለ ሆነ መደቡ ከፍ ያለ ይሁን፤ አፈሩም አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀልበት። የብዙዎቹ ሥር ከቁመቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ በሚሆን ጥልቀት ይተከላል፤ ነጩ ማዶና ሊሊ ግን ሁለት ጣት ያህል አፈር ከለበሰ ይበቃዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ትምህርት አበባው ከተቈረጠ በኋላ የሚታየው ነው። ሊሊ ዘንድሮ የሚያብበው፥ ቅጠሉ አምና ከፀሓይ ሰብስቦ በሥሩ ባኖረው ስንቅ ነው። ስለዚህ ቈራጩ ከግንዱ ሲሶውን እንኳ እንዳያልፍ ይመከራል፤ የቀረውም ቅጠል በራሱ ጊዜ ቢጫ እስኪሆን ድረስ ይተዋል። ግንዱን ከመሬት የቈረጠ ሰው የከርሞውን አበባ ወስዷል። ወንጌል ስለ ልብስ እንዳንጨነቅ የሜዳ አበቦችን ምሳሌ አድርጎ ሲሰጠን፥ አበባ ሥራ ፈት ነው ማለቱ አይደለም፤ ሥራው ዓይን በማያየው ስፍራ፥ ከአፈር በታች ነውና።

አሁን ዓይናችንን ከመደቡ አንሥተን ተራራውን እንመልከት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፥ የከተማው ሕዝብ ወደ አዲስ አበባ መውረድ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ሕዝቡ እየበዛ በሄደ ጊዜ የአካባቢው ዱር ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቈርጦ ተመናመነ፤ መናገሻውንም ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደረሰ። ከተማይቱን ያዳናት የአውስትራልያው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቢቈርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ደግሞ ቢቈርጡት ደግሞ ያቈጠቍጣል። በእርሱ ምክንያት ብዙ ቤት ተሠራ፥ ብዙ ምድጃም ነደደ። ነገር ግን ይህ ውለታ አንድ ክፉ ልማድ አስከትሎብናል፤ የተቈረጠ ሁሉ ተመልሶ የሚበቅል መሰለን። የእንጦጦ ጥድ ግን ከጉቶው አያቈጠቍጥም፤ ሊሊም በሰነፍ እጅ ከተቈረጠ ይደክማል።

ሰውስ? ሴቶች ከዚህ ተራራ ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው ለብዙ ዘመን ወደ ከተማ ሲወርዱ ኖረዋል። ዛፉን በችግር ምክንያት በቈረጡት ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ሸክሙን ከደጁ ያስወረደ፥ ዋጋውንም ተከራክሮ ተከራክሮ ለዕለት እንጀራ ከሚበቃው በታች ያወረደ ገዥ፥ እርሱ ምን ቈረጠ? የሰው ጕልበት እንደ ባሕር ዛፍ ጉቶ ሁልጊዜ የሚያቈጠቍጥ መስሎት፥ ከሥር ቈርጧል። ሕጉ ሳይጥስ፥ ማንንም ሳይሰርቅ፥ የባልንጀራውን ከርሞ ወስዷል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የመቍረጥ መጠን በፈቃዳችን ስፋት አይለካም፤ በሚሰጠው ወገን ዐቅም ይለካል እንጂ። ከባሕር ዛፍ የሚወሰደው ከሊሊ አይወሰድም፤ ከሊሊ የሚወሰደውም ከደካማ ሰው አይወሰድም። ስለዚህ ከመውሰድ አስቀድሞ ሰጪውን ማወቅ ግዴታ ነው። አበባ የሚተክል ሰው ይህን በየዓመቱ በትንሽ መደብ ላይ ይማራል፤ ለጌጥ የወደደውን ቈርጦ፥ ለሕይወት የሚያስፈልገውን ቅጠል ይተዋል። ይህን በአበባ ላይ የለመደ እጅ፥ ከደጁ ሸክም አውርዳ የቆመችውን ሴት ዋጋ ሲከፍል ደግሞ ያስበው።