ስለ ስውር ንግግር

ሁለት ወዳጆች ብዙ ዘመን አብረው በኖሩ ጊዜ ሌላ ሰው የማያውቀው ቃል በመካከላቸው ይወለዳል። አስቦ የሚያወጣው የለም፤ አንዱ አንድ ቀን በስሕተት የተናገረው፥ ወይም አብረው የሣቁበት ነገር ይቀርና ስም ይሆናል። ይህን ኃጢአት ነው ብሎ የሚከለክል ቢገኝ ፍርዱ ከባድ ነው፤ ባልና ሚስትም፥ እናትና ሕፃንም እንዲህ ያለ ቃል አላቸውና።

በአገራችን አዝማሪዎች፥ ነጋዴዎች፥ ዛር አለብን የሚሉም ሰዎች ለየራሳቸው የሚነጋገሩበት ስውር ቃል አላቸው። ቮልፍ ሌስላው የተባለው የቋንቋ ሊቅ ይህን ሰብስቦ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሞታል። በአዝማሪዎቹ ንግግር ሰዋስዉ ያው የአማርኛ ነው፤ የሚሰወረው ቃሉ ነው። ስለዚህ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው የንግግሩን መንገድ ይሰማል፥ ነገሩን ግን አያገኘውም።

አዝማሪ በሰው ደጅ የሚውል፥ የሚያሞግሰው ጌታ በተቆጣ ጊዜ መሸሸጊያ የሌለው ነው፤ ከባልንጀራው ጋር በስውር ቢመካከር አልነቅፈውም። የገበያው ነገር ግን ሌላ ነው። ከቡሬ ዙሪያ በርበሬውን በአህያ ጭኖ የመጣ ገበሬ በመካከል ቆሞ ሳለ፥ ሁለት ደላሎች ዋጋውን እርሱ በማያውቀው ቃል ቢቆርጡ፥ እነርሱ ሲሥቁ እርሱም ጨዋታ መስሎት አብሮ ይሥቃል። የተወሰደበት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ጉዳዩ ላይ ቆሞ ሳለ እንደ ሌለ ሆነ እንጂ። ገንዘቡ ይመለስ ይሆናል፤ ያን ሣቁን ግን ማን ይመልስለታል?

ምናልባት አንባቢ፥ ጎጃም የቅኔ አገር አይደለምን? ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የተጠራው ቃል በመሰወር አይደለምን? ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን የቅኔ ወርቅ የሚሸሸገው እንዲፈለግ ነው። ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ይዞ ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ መንገዱን ይማራል፤ ወርቁን ባገኘም ጊዜ መምህሩ ደስ ይለዋል። ደላላው ግን ቃሉ የታወቀበት ቀን ያዝናል፤ ወዲያውም ሌላ ይፈጥራል። (በቅኔም ሰውን የሚሰድብ አለ፤ ስለ እርሱ አሁን አልናገርም።)

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ተማሪዎቻችን ነው። በአዲስ አበባ በአራዳ ሰፈር ስም የተጠራው የወጣቶች ቋንቋ፥ የሰላም መንገድ በተባለችው በፍኖተ ሰላምም ይሰማል። ብዙው ጨዋታ ነው፤ ጓደኛን ጀለስ ማለት ማንንም አይጎዳም። ፋራ የሚለው ቃል ግን እንዲህ አይደለም፤ የከተማን ጠባይ የማያውቀውን፥ ይልቁንም ባላገሩን ይነካልና። ከባላገር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ራሳቸው ይናገሩታል። ባላገሩም ቃሉን የሰማው እንደ ሆነ፥ በፊቱ የሚነገር ሌላ ቃል ያወጣሉ።

አባት የልጁን ስንቅ ተሸክሞ ከገጠር ይመጣል፤ ጓደኞቹ በክፍሉ ተቀምጠዋል። አንዱ ያን አዲስ ቃል ጣል ያደርጋል፥ ይሥቃሉም። አባትየው፥ ልጄ፥ ይህ ምን ማለት ነው? ብሎ ይጠይቃል። ልጁ እውነቱን ቢናገር አባቱን ያዋርዳል፤ ሰላምታ ነው ቢል ይዋሻል። ቀላል የነበረው ጨዋታ ወደዚህ አደረሰው። ሐሰቱን የመረጠ እንደ ሆነም፥ ሽማግሌው ሲነሣ ልጆቹን አንድ በአንድ በዚያው ቃል ተሰናብቶ ይሄዳል።