የአስታማሚ ማዕርግ

በአረካ በገበያ ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር የሚጨዋወቱ ሽማግሎች የ1887 ዓመተ ምሕረቱን ጦርነት ሲያነሡ፥ ካዎ ጦና ቈስለው እንደ ተማረኩ ይናገራሉ። የዘመቱት መኳንንት ስም ከነማዕርጋቸው ይቈጠራል። ቁስሉን ማን እንዳጠበ ግን የሚጠይቅ የለም።

ጥያቄው የመጣብኝ ከራሴ ነው። በተማሪነቴ እግሬን ቈስዬ ወር ያህል ስተኛ፥ አንዲት አሮጊት ጧትና ማታ እያጠቡ አዳኑኝ። ቅኔ ያስቈጠሩኝን መምህር ስማቸውን ከነማዕርጋቸው እጽፋለሁ፤ እኒያን እናት ግን «እማማ» ከማለት በቀር ስማቸውን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

የቀድሞው ቤተ መንግሥት ለአገልግሎቱ ሁሉ ስም ነበረው። በር ጠባቂው አጋፋሪ፥ ግምጃ ቤት ጠባቂው በጅሮንድ ይባል ነበር። በ1888 በዐድዋ እቴጌ ጣይቱ ሴቶችን አሰልፈው ለተዋጊው ውሃ ሲያቀርቡ፥ ቁስለኛውንም ሲያስረዱ፥ ለዚህ ሥራ ግን የሹመት ስም አልወጣለትም።

ፈረንጅም በዚህ አልቀደመንም። ፍሎሬንስ ናይቲንጌል በ1854 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) 38 አስታማሚዎችን ይዘው ወደ እስኩታሪ ሲሄዱ የወታደር ማዕርግ አልነበራቸውም። አሜሪካ በ1901 የነርሶችን ጓድ በሠራዊቷ ውስጥ አቋቋመች፥ ማዕርግ ግን ነፈገች። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነርሷ በቁስለኞች ድንኳን ውስጥ «ይህን አድርግ» ብትል፥ ረዳቱ ወታደር «አለቃዬ አይደለሽም» ብሎ ቢቆም የምታስገድድበት ሥልጣን አልነበራትም። ካናዳ ግን በዚያው ጦርነት ለነርሶቿ የመቶ አለቃ ማዕርግ ሰጥታ ነበር። አሜሪካ በ1920 «አንጻራዊ» የሚሉትን ማዕርግ ፈቀደች፤ ይኸውም እስከ ሻለቃ ያለውን ምልክት በትከሻ ያስይዛል፥ ደመወዙንና ሙሉ መብቱን ግን አያሰጥም። በቅኔ ቤት ቋንቋ ሰሙ ተሰጠ፥ ወርቁ ተከለከለ። ወርቁ ለዘለቄታው የጸናው በ1947 ነው።

«ቁስል ማጠብ ትሕትና ነው፤ ኮከብ ካንጠለጠለች ትታበያለች» የሚል ሰው አለ። እኔም እንዲህ ከሚሉት ነበርሁ። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ትሕትና ሰው ለራሱ የሚመርጠው እንጂ በሌላው ላይ የሚጭነው አይደለም። ደግሞም ሌሊት ደሙ የሚፈስሰው ቁስለኛ ውሃና መብራት የሚያገኘው እርሷ ስታዝዝ የሚታዘዝ ሲኖር ነው። እንግዲህ ኮከቡ በእርሷ ትከሻ ላይ ቢሰፋም ጥቅሙ የቁስለኛው ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ማዕርግ ያገኘ ሰው ከአልጋው አጠገብ እየራቀ ወደ ጠረጴዛ ይሄዳል። ይህን በቤተ ክህነትም አይተነዋል።

በአገራችን ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓመተ ምሕረት ነው። በታኅሣሥ 1928 የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር በመልካ ዲዳ በጣሊያን አውሮፕላን ተደበደበ፤ ለቦምቡ ባለማዕርጉም ማዕርግ የሌለውም አንድ ነበር። ልዕልት ፀሐይ በስደት ለንደን ሳሉ የነርስነት ትምህርት ተምረው፥ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1934 በወጣትነት ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ከጊዜ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆን ለነርስነት ማዕርግ አይጨምርም፤ የበሽተኛን አልጋ ማንጠፍ እንደማያሳፍር ግን ብዙዎች ከእርሳቸው ተማሩ።

ወደ ተማርሁበት አገር የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቍጥር የእኒያን አሮጊት ስም እንዲጠይቅልኝ እልካለሁ። እስካሁን ስማቸውን ይዞ የተመለሰ የለም።