ከወረቀቱ በፊት አገሩን

ልጄ፣ በፕሮቪንስ (በክፍለ ሀገር) ምርጫ በኩል ካናዳ ለመግባት እንደተነሣህ እናትህ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል፤ ሠርቶ ለማደር የተነሣ ወጣት አይከለከልም። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ጥቂት አረፍ በልና ስማኝ።

ድሮ ወደዚህ አገር የሚመጣው ሰው አብዛኛው ቶሮንቶ፣ ሞንትሪያልና ቫንኩቨር ይከማች ነበር። የሠራተኛ ያለህ የሚሉት ሌሎቹ ፕሮቪንሶች «የሚበጀንን ሰው እኛው እንምረጥ» አሉ። ፒ ኤን ፒ የምትሉት እንዲህ ነው እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው፤ እኔ ያለሁባት ማኒቶባም ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ዛሬ ከኩቤክና ከኑናቩት በቀር ሁሉም የየራሳቸው አላቸው፤ ኩቤክ በራሷ ሕግ ትመርጣለች። አንዱ ነርስ ይፈልጋል፣ ሌላው የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሌላው ደግሞ ካፒታል ይዞ መጥቶ ንግድ የሚከፍት። ኤክስፕረስ ኤንትሪ በሚባለው የፌዴራሉ የነጥብ ውድድር በኩል ፕሮቪንስ የመረጠው ሰው 600 ነጥብ ይጨመርለታል፤ ሁሉም የሚሯሯጠው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የፕሮቪንሱ የምርጫ ደብዳቤ ፒ አር (ቋሚ ነዋሪነት) አይደለም። ጤናህን፣ የወንጀል መዝገብህንና የደኅንነት ጉዳይህን መርምሮ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ኮታውም የሚታመን አይደለም። እ.ኤ.አ. ለ2024 የታቀደው 110,000 ሰው ነበር፤ ለ2025 ወደ 55,000 ወረደ። ስለዚህ ደብዳቤ ደረሰኝ ብለህ የዱባይ ሥራህን ለቅቀህ እንዳትቀመጥ። እናትህም «ቤቴን ልሽጥለት» እያለች ነው፤ እሱን ነገር ከአፏ አስጥላት። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ከቀረ እሷ የት ትገባለች?

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ማመልከቻው ላይ በዚያ ፕሮቪንስ ለመኖር እንደምታስብ ትገልጻለህ፣ ትፈርምበታለህ። ጓደኞችህ «ፈርምና ግባ፣ ከዚያ ቶሮንቶ ትሄዳለህ» ሳይሉህ አይቀሩም። እርግጥ ነው፣ ፒ አር ያለው ሰው በፈለገው ፕሮቪንስ የመኖርና የመሥራት መብት አለው፤ ሕገ መንግሥታቸው ሰጥቶታል። ኑሮ አስገድዶት የሄደን ሰው ማንም አይወቅሰውም። ስትፈርም ልብህ ሌላ ቦታ ከነበረ ግን ቃልህ ሐሰት ነው፤ በሐሰት ማመልከቻ የተያዘ ሰው ደግሞ ለ5 ዓመት ይታገዳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ምሳሌ ልንገርህ፤ ፕሪንስ ኤድዋርድ አይላንድ የምትባል ትንሽ ደሴት ፕሮቪንስ አለች። ባለሀብቶችን 200,000 ዶላር መያዣ እያስያዘች ትጠራ ነበር፤ ንግድ ከፍቶ ለኖረ ገንዘቡ ይመለስለታል። ብዙዎቹ ግን መያዣውን ጥለው፣ ፒ አራቸውን ይዘው ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ነጎዱ። ደሴቲቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ያንን አሠራር ዘጋች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው፤ ጦሱ የተረፈው ከልቡ ሊኖርባት ለፈለገውና ኋላ ለመጣው ሰው ነው።

ስለዚህ ከወረቀቱ በፊት አገሩን ምረጥ። አልበርታ ውስጥ ብሩክስ የምትባል ከተማ አለች፤ የምትኖረው በሥጋ ፋብሪካዋ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ብዙ ሰው ይሠራባታል። እንጀራ አለ፣ ግን ሥራው ቀኑን ሙሉ ቢላ ይዞ ብርድ ውስጥ መቆም ነው። እዚህ ዊኒፔግ በብርዱ ወራት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲሆን ማንም አይደነቅም። አንተ በምትመርጣት ከተማ አውቶቡስ አለ ወይ? ሚስትህስ ሥራ ታገኛለች? ስትታመም የሚጠይቅህ፣ ስታዝን የሚያስተዛዝንህ የአገር ሰው፣ የምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያን አለ? ቀድሞ የሄደ ሰው ፈልገህ ጠይቅ። ደመወዙን ብቻ ጠይቀህ ስልኩን አትዝጋ።

ደላላውንም ነገር ልንገርህ። የቅጥር ደብዳቤ የሚሸጥልህ ሰው ሕገ ወጥ ነው፤ ደብዳቤው ውሸት ሆኖ ከተገኘ የሚታገደው የፈረምከው አንተ ነህ እንጂ እሱ አይደለም። «ዋስትና አለኝ» የሚልህም ይዋሻል፤ ውሳኔው የመንግሥት ነውና። ገንዘብ ተቀብሎ የሚያማክርህ ሰው ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ መሆን አለበት፤ የአማካሪዎቹ ስም «ኮሌጅ» የሚባለው ተቆጣጣሪያቸው ባወጣው መዝገብ ላይ በነጻ ይታያል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንተ ግን ያፈሰስከው ዶላር ቢሆን የሚለቀም አይደለም።

ለማንም ሳንቲም ሳትከፍል፣ የተሰጠህ ውል ወይም የቅጥር ደብዳቤ ካለ ላክልኝ። የማላውቀውን ለሚያውቅ አሳይቼ እነግርሃለሁ። የምታመለክትበትን ከተማ ስምም ጻፍልኝ፤ እዚያ የአገር ሰው ካለ አፈላልጌ አገናኝሃለሁ።