የዕቃ መልክና ሙያ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ በጉንደ ወይን ከተማ ገበያ በሚውልበት ቀን ጤፉን ሸጦ ገንዘቡን የቋጠረ ገበሬ ከስልክ መሸጫ ደጃፍ ሲደርስ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል። አንደኛው ባለቁልፍ፣ ወፈር ያለ፣ አናቱ ላይ የእጅ ባትሪ ያለው፣ አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ ቀናት የሚያገለግል ስልክ ነው። ሁለተኛው ፊቱ ሙሉ መስተዋት፣ ጀርባው የሚያብለጨልጭ፣ ከኪስ ሲወጣ የሰው ዓይን የሚስብ ነው፤ ዋጋውም የመጀመሪያውን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ገበሬው የትኛውን ይግዛ? ጥያቄው የአንድ ሰው የኪስ ጉዳይ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሰው ከሚገለገልበት ዕቃ ጋር ያለውን ግንኙነት፣ አልፎም ሰው ለሰው ያለውን ግምት የሚያሳይ ነገር አለበት።

ለዚህ ጥያቄ ፈጣን መልስ ያላቸው ሁለት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያዎቹ፣ ዕቃ የሚገዛው ለሥራ ነውና ድምፅ የሚያስተላልፍና ጨለማ የሚገፍ ስልክ ካለ የቀረው ሁሉ ለታይታ ነው ይላሉ። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ገንዘቡ የገበሬው፣ ላቡም የራሱ ስለሆነ ደስ ያለውን ይግዛ፣ ሌላውን ምን ጥልቅ አደረገው ይላሉ። እርስ በርስ የሚቃረኑ ቢመስሉም ሁለቱም በአንድ ነገር ያምናሉ። ይኸውም መልክና ሙያ በዕቃ ውስጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሲጨመር ሌላው ይጎድላል የሚል ነው። መመርመር ያለበትም ይኸው እምነት ነው።

“መልክ ከፈጣሪ፣ ሙያ ከጎረቤት” የሚለው አባባል የተነገረው ለሰው ነው። ለዕቃ ቢነገር አይሠራም፤ ዕቃ መልኩንም ሙያውንም የሚያገኘው ከአንድ እጅ ነውና። ከስንደዶና ከአክርማ መሶብ የምትሰፋ ሴት ሐረጉን የምታሳምረው ስፌቱን በማጥበቅ ነው። ስፌቱ ከላላ አለላው ይዛነፋል፤ መሶቡም እንጀራ የመያዝ አቅሙ ይደክማል። ዓይን የሚያደንቀውና ማዕድ የሚጠቀምበት በአንድ ወስፌ የተገኙ ናቸው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚታረስበት ሞፈርና ቀንበር ደግሞ ከናካቴው ጌጥ የለውም። ይሁን እንጂ ገበሬው ለሞፈር የሚሆን እንጨት ለመምረጥ ዛፉን እየዞረ ሲመለከት፣ አስተያየቱ ከቀራፂ አስተያየት የሚያንስ አይደለም። የእንጨቱ አወራረድ፣ ድግሩ ከማረሻው ጋር የሚገጥምበት አኳኋን፣ እርፉ ለእጅ የሚመችበት ልክ አንድ ላይ ሲሰምሩለት “አማረ” ይላል። ይህም ቃል በእርሱ አንደበት “ይሠራል” ከሚለው ተለይቶ የሚቆም አይደለም።

መልክና ሙያ የተለያዩት ሠሪና ተጠቃሚ ሲለያዩ ነው። ፋብሪካ የሠራው ዕቃ ከባሕር ማዶ እየተጫነ ሲመጣ ገዢው በውስጡ አሠራር እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። ስለዚህ የቀረለትን ውጪውን ያዘ። ሬዲዮኑ፣ በኋላም ቴሌቪዥኑ፣ የቤት እመቤቷ በሠራችው ዳንቴል ተሸፍኖ ከቤቱ የክብር ቦታ ተቀመጠ። ዳንቴሉ አቧራ ይከላከላል መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አቧራ ለመከላከል ቁራጭ ጨርቅ ይበቃ ነበር። ሴቲቱ ለወራት በኪሮሽ የደከመችው፣ ባዕድ የሆነውን ዕቃ የቤተሰብ ዕቃ ለማድረግ ነው። በከተሜው ዘንድ ዳንቴል የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ የሚሳቅበት ጊዜ አለ። የሚስቁት ሰዎች ግን ለስልካቸው በየጊዜው አዲስ ልባስ ሲገዙ ይታያሉ፤ ልዩነቱ እነዚህኛዎቹ ልባሱን ራሳቸው አለመሥራታቸው ብቻ ነው።

የእጅ ሰዓትም እንዲሁ ነው። የጃፓኑ ሴኮ በክንዳቸው ላይ የሚያበራ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች በአውራጃ ከተሞች በነበሩበት ዘመን ሰዓት ከጊዜ መቁጠሪያነቱ ይልቅ የማዕረግ ምልክት ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን በሰዓቱ ፊት 12 የተጻፈበት ቦታ ለፈረንጁ የቀትር ምልክት ሲሆን፣ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥረው ኢትዮጵያዊ ቀትር 6 ሰዓት ነው። በመሆኑም አንዳንዱ መርፌውን አዙሮ በአገሩ አቆጣጠር ሞላው፤ ሌላው እንዳለ ትቶት መርፌው ከሚያመለክተው ቁጥር ትይዩ ያለውን እያነበበ ኖረ። ለጌጥ የገባው ዕቃ ለአገሩ ንጋት እንዲሠራ የተደረገው በፋብሪካው ሳይሆን በባለቤቱ ነው።

ለጸሐፍትና ለሠዓልያን ነገሩ ይበልጥ ግልጥ ሆኖ የሚታየው በጽሕፈት መኪና ላይ ነው። የአማርኛ ፊደል 33 ሆሄያት በ7 ዘር ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። ለላቲን ፊደል የተሠራው የጽሕፈት መኪና የሚይዘው ምልክት ግን ከ100 የማይበልጥ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲያዘጋጁ የገጠማቸው ችግር ይህ ነበር፤ መፍትሔውም የሆሄውን አካል ለብቻ፣ የአናባቢውን ምልክት ለብቻ እያደረጉ በማተም መቀጠል ሆነ። የመሥሪያ ቤቶች ሥራ ተፋጠነ፤ ይህን ማቃለል ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በመርጡለ ማርያም ቁም ጽሕፈት ለተማረ ሰው ከመኪናው የወጣው ገጽ እግሩ የተሰበረ፣ ክንዱ የተንጠለጠለ ፊደል የሞላበት ነበር። ለብዙ ዓመታት ሥራ የሚፈልግ ከመልክ ጋር ይፋታ የሚል አስተሳሰብ በቢሮ ውስጥ ሰፍኖ ቆየ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር መለያ ውስጥ ሲካተት፣ ፊደሉ ሙሉ አካሉን ይዞ በኮምፒዩተርና በስልክ ላይ የሚጻፍበት መንገድ ተከፈተ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መልኩ የተመለሰው ሙያው ተቀንሶ ሳይሆን መሣሪያው ሲበለጽግ መሆኑ ነው። አንዱን ምረጥ የተባለው ምርጫ የመኪናው ድህነት ያመጣው እንጂ የነገሩ ባሕርይ አልነበረም።

ወደ ስልኩ እንመለስ። ኖኪያ 1100 የተባለው ስልክ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ታስቦ የተሠራ ነበር። ቁልፎቹ አቧራ እንዳይገባባቸው ሆነው የተሸፈኑ፣ ጎኑ ከላብ እጅ እንዳይሾልክ የተደረገ፣ የእጅ ባትሪ የተገጠመለት ሲሆን በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የሠሪዎቹ ብልኀት የታየው የስልክን ሙያ ከስልክ ውጪ በመፈለጋቸው ነው፤ ኩራዝ ለሚያበራ ቤት የእጅ ባትሪዋ ከጥሪው ባላነሰ ትፈለጋለች። ይህን ዕቃ አስቀያሚ ነው የሚል ካለ፣ ማታ ከብት ወደ በረት ሲገባ ያላየው ሰው መሆን አለበት።

ከዚያ ወዲህ በአፍሪካ ገበያ የገነነው ቴክኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ መገጣጠም ጀመረ። በእርሱ ላይ የመልክና የሙያ ነገር በሁለት የተለያዩ መንገዶች ታይቷል። ስልኩ ባለሁለት ሲም መሆኑ እንደ ትልቅ ነገር ይነገርለት ነበር። ብዙ የስልክ ድርጅቶች በሚፎካከሩበት አገር ይህ እጅግ ጠቃሚ ነው። በኢትዮጵያ ግን ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት እስከ ጀመረበት ጊዜ ድረስ የነበረው ድርጅት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ለሌላ አገር የታሰበ ሙያ እዚህ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ጌጥ ሆኖ ተቀመጠ። በተቃራኒው፣ ለታይታ ብቻ የሚመስለው ካሜራው የከበደ ሙያ ነበረው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የቀለም ፊልም የተስተካከለው በነጭ ቆዳ ልክ ነው፤ የኮዳክ ፎቶ አጣቢዎች ቀለም የሚያመዛዝኑበት ሸርሊ የሚባለው ካርድ የነጭ ሴት ምስል ነበር። ስለዚህ ጥቁር ፊት በፎቶ ላይ ጠቁሮ፣ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ይወጣ ነበር። ቴክኖ ካሜራውን ለጠቆረ ቆዳ እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከሉ ለገበያ ብሎ ያደረገው ቢሆንም፣ የጎጃም ገበሬ የልጁን ፊት እንዳለ አይቶ በእጁ እንዲይዝ አስችሎታል። ፎቶግራፍ ጌጥ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሰው መልክ በትክክል መታየቱ ከየትኛው መዝገብ ይግባ?

እንግዲህ “ለገበሬ ባለቁልፉ ይበቃዋል” የሚለውን ቃል በዚህ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ቁጠባን በሚያስተምር ስብሰባ ላይ ነው። የሚናገረውም ሰው ንግግሩ ሲያልቅ ከኪሱ የሚያወጣው ስልክ ባለመስተዋቱን መሆኑ አያጠራጥርም። ምክሩ ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ ቴሌብርን የመሰለው፣ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የገንዘብ አገልግሎት እንኳ በባለቁልፍ ስልክ በአጭር ቁጥር ይሠራል። መካሪው ለራሱ ክብርና ውበት የሚያስፈልገው ሰው ሆኖ፣ ለገበሬው ግን ጉልበትና ሆድ ብቻ ሲተውለት ነው በደሉ። ለሌላው ጠቃሚውን፣ ለራስ የሚያምረውን የሚደለድል አእምሮ ስለ ቁጠባ የሚያስተምረው ነገር ብዙ አይደለም። መሶቧን በአለላ ያስጌጠችው ሴት ውበት የጠገበ ሰው ትርፍ አለመሆኑን ካወቀች ቆይታለች።

ይህ ሲባል ለባለመስተዋቱ ስልክ ጥብቅና መቆም አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ውዱ ስልክ ካቆመበት ነገር ብዛት የተነሣ ምን ያህሉ ሙያው በእጅ ያለ፣ ምን ያህሉ ከሩቅ የተዋሰው እንደሆነ ለባለቤቱ ተገልጦለታል። በስልኩ ውስጥ የቀሩት ፎቶው፣ የተጫነው ዜማ፣ የእጅ ባትሪውና ካለው ሬዲዮኑ ነበሩ። ባለቁልፉም ከእነዚህ አብዛኞቹን ይዞ ነበር።

የቅኔ ተማሪ፣ በተለይም በዋሸራና በጎንጅ ጎጃም፣ ሰም ያለ ወርቅ እንደማይፈስ ያውቃል። ሰሙ ውሸት አይደለም፤ ወርቁ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ሰም ብቻ ሆኖ ወርቅ የሌለው ቅኔ ግን ምንም ዜማው ቢያምር መምህሩ አይቀበለውም። የዘመኑ ዕቃ የሚወቀሰው ስላማረ ሳይሆን፣ የሚሸጠው ውበት አዲስነት ብቻ የሆነ እንደሆነ ነው። አዲስነት ደግሞ የሚቀጥለው ሞዴል በወጣበት ቀን ይሞታል። መሶብ በእድሜው ብዛት መልኩ ይከብራል፤ ስልኩ ሳይሰበር፣ ሳይበላሽ ያረጃል። ገበሬው በጤፉ የገዛው ነገር ከእጁ ሳይወጣ ተወሰደበት ማለት ነው።

ይህ ባጋጣሚ የሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ታላላቆቹ የአምፑል አምራቾች በጄኔቫ ተሰብስበው ፎይቡስ የተባለ ማኅበር ካቋቋሙ በኋላ ከዚያ በፊት 1500 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊያበራ ይችል የነበረውን አምፑል በ1000 ሰዓት እንዲወሰን ተስማሙ፤ ከዚያ በላይ የሚያበራ የሠራ አባልም መቀጮ ይከፍል ነበር። አምፑሉን ሠርቶ ማሻሻል የሚችለው ዕውቀት አምፑሉን ቶሎ ለመግደል ሥራ ላይ ዋለ። በስልክ ላይ ይኸው ሐሳብ በመልክ በኩል መጣ። የቀድሞው ስልክ ክዳኑ በጥፍር ይከፈታል፤ ባትሪው ሲደክም ወጥቶ ሌላ ይገባል። ስልኩ እየቀጠነና እየተወለወለ ሲሄድ ክዳኑ በማስቲሽ ተጣበቀ፤ የባትሪው ሞት የስልኩ ሞት ለመሆን ተቃረበ። ገዢው ቅጥነቱን አይቶ ያደንቃል፤ ቅጥነቱ የተገዛበትን ዋጋ የሚያየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ የተነሣ በየከተማው ስልክ የሚጠግነው ወጣት ለዚህ ጥያቄ ከማንም ይልቅ የቀረበ ሰው ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ የምናለሽ ተራ ሠራተኞች ከጣሳ ኩራዝና ምድጃ፣ ከጎማ በረባሶ ሲያወጡ የነበሩት ዕቃ ሁሉ ይከፈታል ብለው በማመን ነው። የስልኩ ጠጋኝም በዚያው እምነት መስተዋቱን በሙቀት አለስልሶ፣ በስስ ካርድ እየፈለቀቀ ይከፍተዋል። አንዳንዱ ሲከፈት ይሰነጠቃል። መስተዋቱ ከተሰነጠቀ የዕቃው ባለቤት የሚከፍለው ለጠጋኙ ድካም ሳይሆን አንድ ሠዓሊ በሩቅ አገር ስልኩ ያለ ብሎን ቢሆን ያምራል ብሎ ለወሰነው ውሳኔ ነው። ያለ ብሎን ማማሩስ እውነት ነው? የሞፈሩ ወገል ከውጪ ይታያል፤ ማንም ግን ሞፈሩን አበላሸው ብሎ አያውቅም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ፣ በእጅ የሚያዙ ዕቃዎች ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣውና ሊቀይረው የሚችል ባትሪ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ ለአንዳንዶቹ ልዩ ሁኔታ ቢተውም። ደንቡ በሥራ ላይ እንዲውል የተቀጠረው ለየካቲት 2019 ዓ.ም. ነው። የወጣው ለአውሮፓ ገዢ ሲሆን፣ ለአውሮፓም ለአፍሪካም ስልክ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ግን የሚገኙት በአብዛኛው በእስያ ነው። ወደ ጉንደ ወይን ገበያ የሚመጣው ስልክ በጥፍር የሚከፈት ክዳን ይዞ ይምጣ ወይም አይምጣ፣ ያን ጊዜ የሚጠይቀው ገዢው ይሆናል፤ ሻጩም ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ማሳየት ሊኖርበት ነው።